ኢሚሽን ያለፈ ሞተር ዘይት አይበላም ማለት አይደለም

#1 ካንዴላ_አሌክሳንድሪያ

ያገለገለ መኪና ስትገዙ ሻጩ ቀድሞ የሚያሳያችሁ የኢሚሽን (የጭስ ምርመራ) ማለፊያ ወረቀቱን ነው። ወረቀቱ ትክክለኛ ሊሆን ይችላል፤ ሞተሩም በዚያው ሳምንት በየሺህ ማይሉ አንድ ኳርት ዘይት እያቃጠለ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ በዝርዝር ብንጽፈው ብዙ ሰው ከኪሳራ ይድናል። እኔ ልጀምር፣ የምታውቁ ጨምሩበት።

በሰሜን ቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዲሲ ከ1996 ሞዴል ወዲህ ያለ የቤንዚን መኪና ሲመረመር ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ነገር አይለካም። መርማሪው ከመሪው ሥር ባለው የኦቢዲ ሶኬት ገመድ ሰክቶ ኮምፒውተሩን ይጠይቃል፦ ቼክ ኢንጅን በርቷል? የተመዘገበ ኮድ አለ? የውስጥ ፍተሻዎቹ፣ ሞኒተር የምንላቸው፣ ተጠናቀዋል? መልሱ ደህና ከሆነ መኪናው አለፈ።

የአብዛኛው መኪና ኮምፒውተር ግን ዘይት መበላቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በአብዛኛው የዘይት መብራቱም የሚያየው ግፊቱን እንጂ መጠኑን አይደለም። ከአራት ሊትር ሁለቱ ጠፍቶም ግፊቱ ሊበቃ ይችላል። መብራቱ መጀመሪያ ብልጭ የሚለው መታጠፊያ ላይ ወይም በኃይል ፍሬን ሲያዝ፣ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ ፓምፑ አየር ሲስብ ነው። ያን ጊዜ ኩሽኔታው መጎዳት ጀምሯል።

ዘይት መብላት ኮድ ሆኖ የሚወጣው በአብዛኛው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ካንዴላው በዘይት ቆሽሾ መተኮስ ሲያቅተው የሚመጣው ከፒ 0300 ጀምሮ ያለው የሚስፋየር ኮድ ነው። ሁለተኛው ጭሱን የሚያጣራው ካታሊቲክ ሲደክም የሚመጣው ፒ 0420 ነው። ሞተር ዘይት ውስጥ ብረት ከብረት ተፋግቶ እንዳያልቅ የሚከላከል ዚንክና ፎስፈረስ ያለበት ቅመም አለ። ዘይቱ ሲቃጠል ፎስፈረሱ አብሮ ይወጣና የካታሊቲኩን የፊት ገጽ እንደ መስታወት ይለብጠዋል። ይህ በአንድ ወር የሚሆን አይደለም። ካታሊቲኩ እስኪሞት ድረስ ግን መኪናው በየሁለት ዓመቱ እየሄደ ያልፋል።

#2 ቲጂ_ሲልቨርስፕሪንግ

ጥሩ ርዕስ ነው። ጥያቄ አለኝ። ካምሪ 2009፣ 2.4 ሞተር። ኢሚሽን አልፏል፣ ኮድ የለውም፣ መሬት ላይ ጠብታ የለም፣ ጠዋት ሲነሳም ሆነ መንገድ ላይ ጭስ አይታይም። ሊቬሎው (የዘይት መለኪያ ዘንጉ) ግን በ1,000 ማይል ከላይኛው ምልክት ታችኛው ላይ ይደርሳል። ጭስ ከሌለ ዘይቱ የት ሄደ? ኮምፕረሽን (በሲሊንደሮቹ ውስጥ ያለው የመታመቅ ግፊት) ተለክቶም «ደህና ነው» ተብሏል።

#3 ካንዴላ_አሌክሳንድሪያ

ቲጂ፣ ይህ ሞተር 2ኤዜድ-ኤፍኢ ነው፤ በዘይት መብላት የታወቀ ነው። ቶዮታ ራሱ ለእነዚህ ዓመታት ካምሪዎች ዋስትና አራዝሞ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ሲቀይር ነበር። መለኪያው በ1,200 ማይል አንድ ኳርት ነበር። ያ ዋስትና አሁን ጊዜው አልፏል።

ጭሱ ለምን እንደማይታይ በቁጥር እንየው። አንድ ኳርት 0.946 ሊትር፣ ክብደቱ ወደ 800 ግራም ነው። ሺህ ማይል 1,609 ኪሎሜትር ነው። ሲካፈል በኪሎሜትር ግማሽ ግራም ይሆናል። በሰዓት 60 ኪሎሜትር ስትሄጂ በደቂቃ ግማሽ ግራም ማለት ነው። በ2,000 ዙር አራቱ ሲሊንደሮች በደቂቃ 4,000 ጊዜ ይተኩሳሉ፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ተኩስ የሚቃጠለው የአንድ ሚሊግራም ስምንተኛ ያህል ነው። ይህን እሳቱ አብዛኛውን ይበላዋል፣ የተረፈውን ደግሞ የጋለ ካታሊቲክ ያቃጥለዋል። ሰማያዊ ጭስ በዓይን የሚታየው ዘይቱ በአንድ ጊዜ ተጠራቅሞ ሲገባ ነው።

ኮምፕረሽኑ ደህና መሆኑም ምንም አያረጋግጥም። ፒስተኑ ላይ ሦስት ፋሻ አለ። ኮምፕረሽን የሚይዙት የላይኞቹ ሁለቱ ናቸው። የታችኛው የዘይት ፋሻ ነው፤ ሥራው ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይት ጠርጎ በፒስተኑ ቀዳዳዎች ከታች ወዳለው የዘይት ማጠራቀሚያ፣ ወደ ካርተሩ፣ መመለስ ነው። እነዚያ ቀዳዳዎች በካርቦን ሲደፈኑና ፋሻው ቦታው ላይ ሲጣበቅ ዘይት ወደ ላይ ያልፋል፣ ኮምፕረሽኑ ግን አይወርድም። እንዲያውም ዘይቱ ክፍተቱን ስለሚደፍን ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል።

#4 ፍራንክፈርት_ቴክኒክ

የአውሮፓውን ልጨምር፤ ጭሱን የሚለካውም ምርመራ ዘይትን ያያል ማለት አይደለም።

እዚህ ለቤንዚን መኪና የሚለካው ካርቦን ሞኖክሳይድ (ሲኦ) እና ላምዳ፣ ማለትም የአየርና የነዳጁ ምጥጥን፣ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ከ2002 አጋማሽ በኋላ ለተመዘገቡት ሲኦው በአይድል (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲሠራ) ከ0.3 በመቶ፣ ዙሩ ከ2,000 በላይ ሲሆን ከ0.2 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ላምዳው ከ0.97 እስከ 1.03 መሆን አለበት። ዘይት የሚያቃጥል ሞተር ድብልቁ ትክክል ከሆነና ካታሊቲኩ ከሠራ እነዚህን ያለ ችግር ያልፋል።

ዘይት ሲቃጠል በብዛት የሚወጣው ደቃቅ ብናኝ ነው። ብናኝ በቁጥር መለካት በአውሮፓ ተጀምሯል፤ ቤልጂየም በ2022፣ ኔዘርላንድስና ጀርመን በ2023። የጀርመኑ ወሰን በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 250,000 ብናኝ ነው። ግን የሚመለከተው ፊልተር ያላቸውን ናፍጣ መኪናዎች ነው። ዘይት የሚበላ የቤንዚን መኪና ስንት ብናኝ እንደሚተፋ ምርመራው ላይ የሚቆጥር የለም።

አንድ ማነጻጸሪያ ልስጥ። በዩሮ 6 የብናኝ ክብደት ወሰን በኪሎሜትር 4.5 ሚሊግራም ነው፤ ይህም ለናፍጣና በቀጥታ ለሚረጩ የቤንዚን ሞተሮች ነው። ካንዴላ ባሰላው በኪሎሜትር 500 ሚሊግራም ዘይት ከገባ፣ ከመቶው አንዱ ብቻ ሳይቃጠል ቢወጣ 5 ሚሊግራም ይሆናል፤ ወሰኑ አለፈ። ዓይን ግን አያየውም።

#5 ሬቲፊካ_አዲስ

እኛ ጋ ኦቢዲ የሌላቸው መኪናዎች ብዙ ስለሆኑ የጋዝ መለኪያው ላይ ልናገር። መሣሪያው ኤችሲን (ያልተቃጠለ ሃይድሮካርቦን) የሚያነበው በኢንፍራሬድ ብርሃን ነው፤ የተቃኘውም ሄክሴን ለሚባል ቀላል ሃይድሮካርቦን ነው። የዘይቱ ሃይድሮካርቦን ከባድ ነው። በናሙና ቱቦው ሲያልፍ ይቀዘቅዝና ረግቶ ውሃ ማጥመጃውና ፊልትሮው ላይ ይቀራል። ዘይት የሚበላ መኪና ከተለካ በኋላ ነጩን ፊልትሮ አውጥታችሁ ብታዩት ቢጫና ቅባታማ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ስክሪኑ ላይ ግን ኤችሲው የተጋነነ አይደለም። ፊልትሮው ካልተቀየረ ደግሞ ቀጥሎ ለሚመጣው መኪና የማይገባውን ኤችሲ ይጨምርበታል።

ሌላው የምርመራው ሁኔታ ነው። ሞተሩ ሞቆ፣ መኪናው ቆሞ፣ በአይድልና በ2,500 ዙር ያለ ጭነት ይለካል። የቫልቭ ሲል (የቫልቩ ግንድ ማሸጊያ ላስቲክ) ያረጀበት ሞተር የሚያጨሰው ሌሊቱን አድሮ ሲነሳ ነው፤ ምርመራው ላይ ይህ አይታይም፣ መኪናው ሞቆ ነው የመጣው። ሁለተኛው ቁልቁለት ላይ ነው። ከእንጦጦ በሁለተኛ ማርሽ ነዳጅ ሳትሰጥ ውረድና ታች ስትደርስ ርገጥ፤ በመስታወት ሰማያዊ ጭስ ካየህ የቫልቭ ሲል ወይም የቫልቭ ጋይድ ነው። ነዳጅ ሲዘጋ ኢንቴኩ (የአየር ማስገቢያው) ውስጥ ያለው መሳብ ስለሚበረታ ዘይቱን በቫልቩ ግንድ በኩል ይጎትተዋል። ይህን የሚያስመስል ነገር በዚህ ምርመራ ውስጥ የለም። ዳገት ላይ በጭነት ሳያቋርጥ የሚያጨስ ከሆነ ግን ወደ ፋሻ አስብ።

ኮምፕረሽንን በተመለከተ አዲስ አበባ ላይ በጣም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ማንዋሉ ዝቅተኛው 10 ባር ነው ይልሃል፤ ያ ለባሕር ወለል ነው። እኛ 2,350 ሜትር ላይ ነን፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያንሳል፣ የመለኪያው ንባብም በዚያው መጠን ይወርዳል። ባሕር ወለል ላይ 13 ባር የሚያነብ ጤነኛ ሞተር እዚህ 10 ገደማ ቢያነብ ምንም አልሆነም። በዚህ ቁጥር ብቻ «ፋሻው አልቋል» ተብሎ ሞተር ሲወርድ ያሳዝናል። የሚታመነው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ1 ባር መብለጥ የለበትም። ከዚያ የሻይ ማንኪያ ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ አስገብተህ ድገም። በደንብ ከጨመረ ፋሻ፣ ካልጨመረ ቫልቭ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስ ሥር ያለው ማሸጊያ)።

#6 ናፍታ_5ኤል

የሬቲፊካን ነገር ለናፍታ ልድገመው። ቱርቦ የሌላቸው የቶዮታ 3ኤልና 5ኤል ሞተሮች አዲስ አበባ ላይ ጥቁር ጭስ ስላወጡ ዘይት ይበላሉ ማለት አይደለም። ፖምፓው የሚሰጠው ናፍታ ለባሕር ወለል አየር ከተስተካከለ እዚህ አየሩ ስለሚሳሳ ናፍታው ይበዛል፤ ጥቁሩ ጭስ ከዚያ ነው። የናፍታ ምርመራ የጭሱን ጥቁረት በብርሃን ነው የሚለካው፤ ነዳጁ በአንድ ጊዜ ተረግጦ ዙሩ ሲወጣ ምን ያህል ብርሃን እንደተጋረደ ያያል። ሰዎች ታዲያ ምርመራ ሲደርስ ፖምፓውን ያስቀንሱና ካለፉ በኋላ ይመልሱታል። እንዲያ ከሚሆን መጀመሪያ የአየር ፊልትሮ፣ ቀጥሎ የኢንጀክተር አፍ፣ ከዚያ የፖምፓው ታይሚንግ ቢታይ ነዳጅም ይቆጥባል።

ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ነው። ነጭ ሆኖ ዓይን የሚያቃጥል ከሆነ ያልተቃጠለ ናፍታ ነው። ነጭ ሆኖ ዓይን የማያቃጥል፣ ራዲያተሩም የሚጎድል ከሆነ ውሃ ነው።

#7 ኮድ_ማጥፊያ

ይህ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርጋል? ፒ 0420 ከመጣ በስካነር አጥፍቶ ወዲያው ለምርመራ መሄድ ነው። ካልሆነም ኋለኛው ኦክስጅን ሴንሰር ሥር ስፔሰር ማስገባት። ሃያ ዶላር አይሞላም።

#8 ስሞግ_ሎስአንጀለስ

ወንድሜ፣ የመጀመሪያው አይሠራም፣ ሁለተኛው ሕገ ወጥ ነው። ኮድ ሲጠፋ ሞኒተሮቹም አብረው ወደ «አልተጠናቀቀም» ይመለሳሉ። በአብዛኛው ግዛት ከ2001 ሞዴል ወዲህ አንድ ያልተጠናቀቀ ሞኒተር ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ ወዲያው ከሄድክ ተመለስ ትባላለህ። ካሊፎርኒያ ደግሞ ከ2000 ሞዴል ወዲህ ባለ የቤንዚን መኪና የምትታገሠው ኢቫፕ የሚባለውን፣ የነዳጅ ትነት ሞኒተሩን ብቻ ነው። ከ2010 ሞዴል ጀምሮ ቋሚ ኮድ የሚባልም አለ፤ ስካነር አያጠፋውም፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ፈትሾ ችግሩ መወገዱን ሲያረጋግጥ ብቻ ነው የሚጠፋው። ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 2019 ጀምሮ ይህን ታያለች።

ስፔሰሩ ሴንሰሩን ከጭሱ ያርቀዋል፤ ዘይቱ መበላቱን፣ ካታሊቲኩም መደፈኑን ይቀጥላል። የተደፈነ ካታሊቲክ ጭሱን ወደ ሞተሩ መልሶ ይገፋል፣ ኃይል ይጠፋል፣ ቴስታታው ይግላል።

ካሊፎርኒያ ከ2008 ጀምሮ ዓይን የሚያየውንም ጭስ ትፈትሻለች። ቴክኒሻኑ በአይድል ያያል፣ ነዳጅ ሰጥቶ ያያል፣ ሰማያዊ ጭስ ካየ መኪናው ይወድቃል። ይህ ጥሩ ነው፤ ግን ቲጂ እንዳለችው ጭስ የማያሳየውን አይዝም።

#9 ቲጂ_ሲልቨርስፕሪንግ

እሺ፣ ምርመራው ካልነገረኝ ራሴ በትክክል የምለካው እንዴት ነው? ሞተር ሳይወርድ የሚሞከር ነገርስ አለ?

#10 ካንዴላ_አሌክሳንድሪያ

መለካቱ ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። መኪናውን ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣ ደልዳላ መሬት ላይ አቁሚ። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ ከ10 ደቂቃ በኋላ ሊቬሎውን አውጥተሽ ጥረጊ፣ መልሰሽ አስገቢና አንብቢ። ዘይቱን ልክ የላይኛው ምልክት ላይ አድርሺ፣ የማይል ቆጣሪውን ንባብ ጻፊ። 1,000 ማይል ስትደርሺ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሁኔታ ወደ ላይኛው ምልክት ለመመለስ ስንት ሚሊሊትር እንደወሰደ በመለኪያ ጆግ ጨምሪ። በዓይን መገመት አይሆንም፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው መጠን ከሞተር ሞተር ይለያያል።

አጭር መንገድ ብቻ የሚነዳ መኪና ያታልላል። ሞተሩ በደንብ ስለማይሞቅ ቤንዚን ወደ ዘይቱ ይገባና የተበላውን ይሸፍናል። ሊቬሎው አልወረደም ተብሎ ረጅም መንገድ ሲኬድ ቤንዚኑ ይተንና ዘይቱ በአንድ ጉዞ የጠፋ ይመስላል።

ከዚያ ርካሹን አስቀድሚ፤ የካርተሩን ጉም ወደ ኢንቴኩ የሚያሳልፈውን ፒሲቪ ቫልቭ። ይወልቅና ከሞተሩ በኩል ሲነፋ አየር በቀላሉ ማሳለፍ አለበት፣ ከኢንቴኩ በኩል ሲነፋ መከልከል አለበት። በሁለቱም በኩል ካሳለፈ ሞተሩ የዘይት ጉም ወደ ኢንቴኩ እየሳበ ነው። ከተደፈነ ደግሞ የካርተሩ ግፊት ጨምሮ ዘይቱን በፋሻና በፓራኦሊዮ (በዘይት ማሸጊያ ላስቲክ) በኩል ይገፋል። አዲሱ ጥቂት ዶላር ነው።

የተጣበቀ የዘይት ፋሻ ለማላቀቅ መዘፍዘፍ ይሞከራል፦

ሞተሩን አሙቂ፣ ትንሽ ይቀዝቅዝ፣ ኮይሎቹና ካንዴላዎቹ ይውጡ። አራቱም ፒስተኖች መሃል አካባቢ እንዲሆኑ ኮሎውን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) በፑሊው በኩል በእጅ አዙሪ፤ ረጅም ገለባ በየቀዳዳው አስገብቶ ማየት ይቻላል። በየሲሊንደሩ ከ30 እስከ 60 ሚሊሊትር የካርቦን ማጽጃ፣ ሲ ፎም ወይም ቤሪማን ቢ-12 ጨምሪ። ቢ-12 የመኪና ቀለም ስለሚልጥ መከለያው ላይ ጨርቅ ይነጠፍ። ቢያንስ 12 ሰዓት ይደር፤ በየጥቂት ሰዓቱ ፑሊውን ወዲያና ወዲህ ትንሽ ማነቃነቅ ይረዳል።

ጠዋት ላይ ዋናው ጥንቃቄ ይመጣል። ያልወረደ ፈሳሽ እያለ ካንዴላ ታስሮ ሞተር ከተነሳ ፈሳሹ ስለማይታመቅ የፒስተን ቢየላ (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ክንድ) ይጣመማል። ስለዚህ በስሪንጅና በቀጭን ቱቦ የቻልሽውን ምጠጪ፣ የኢንጀክተርና የኮይል ፊውዝ ይነቀል፣ ቀዳዳዎቹ በጨርቅ ይሸፈኑ፣ ከዚያ በስታርተር ለጥቂት ሰከንድ አዙሪ። ካንዴላውን ከ18 እስከ 20 ኒውተን ሜትር እሰሪ። ኬሚካሉ ዘይቱን ስላቀጠነው ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ዘይትና ፊልትሮ ይቀየር። ሲነሳ ለጥቂት ደቂቃ ክፉኛ ያጨሳል፤ ጋራዥ ውስጥ አይነሳ። ያንን ዘይት ከ1,500 ማይል በላይ አትነጂበት፤ የላቀቀውን ቆሻሻ ይዟል።

#11 ሬቲፊካ_አዲስ

በመዘፍዘፉ አልቃወምም፣ ግን ተስፋው ልክ ይኑረው። ከ2000 እስከ 2002 የነበሩ ኮሮላዎች ላይ ያለው 1ዜድዜድ-ኤፍኢ የፒስተኑ የዘይት መመለሻ ቀዳዳ ከመነሻው አነስተኛ ነበር። ብታጸዳው መልሶ ይደፈናል። እንዲህ ላለው መፍትሔው የተሻሻለውን ፒስተን ከነፋሻው መግጠም ነው። ሲሊንደሩ በማይክሮሜትር ሳይለካ ፋሻ ብቻ መቀየርም ገንዘብ መጣል ነው፤ ግድግዳው ከተበላ አዲሱ ፋሻ አይቀመጥም።

ዘይት ላይ ደግሞ እኛ ሀገር የተለመደ ነገር አለ፤ ሞተር ዘይት በላ ሲባል 20ደብልዩ-50 ወይም የናፍታ 15ደብልዩ-40 ይጨመራል። ወፍራሙ መበላቱን ትንሽ ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ግን ለቤንዚን የሚሆኑት እንደ 5ደብልዩ-30 ያሉ ቀጫጭኖቹ ዘይቶች ካታሊቲኩን ለመጠበቅ ሲባል የፎስፈረስ መጠናቸው ከ0.08 በመቶ እንዳይበልጥ ተገድቧል። ወፍራሞቹ ያ ገደብ የለባቸውም። ካታሊቲክ ያለው መኪና ዘይት እየበላ የናፍታ ዘይት ከተጨመረለት ካታሊቲኩን ቶሎ ይገድላል። ካታሊቲኩ ከድሮም ወልቆ የተሸጠ ከሆነ ለሞተሩ ልዩነት የለውም፤ ለኋላህ ለሚሄደው ሰው ሳንባ ግን አለው።

#12 ካንዴላ_አሌክሳንድሪያ

ስለ 1ዜድዜድ ሬቲፊካ ያለው ልክ ነው። ለካምሪዋ ግን ከ5ደብልዩ-30 በላይ አልሄድም፤ በ5,000 ማይል እንዲቀየር አደርጋለሁ። ቫልቮሊን ሪስቶር ኤንድ ፕሮቴክት የሚባለው ፋሻ ላይ ያለ ካርቦን ቀስ በቀስ ያጸዳል ተብሎ የሚሸጥ ነው። ከተሞከረ ተከታታይ ሦስት አራት ቅያሬ ድረስ እየለኩ ማየት ያስፈልጋል፣ በአንዱ አይፈረድም።

#13 ፕሪየስ_አርሊንግተን

የ2012 ፕሪየስ ላይስ? በስታርተር አዙሪ ያልከው እዚህ አይሆንም፣ ስታርተር የለውም።

#14 ካንዴላ_አሌክሳንድሪያ

ትክክል። የቤንዚን ሞተሩን የሚያዞረው የሃይብሪዱ ኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ካንዴላ ሳይኖር ሬዲ ላይ ብታደርገው ያዞረዋል፣ ግን የቤንዚን ሞተሩ ስለማይነሳ ፒ 0ኤ0ኤፍ የሚባል ኮድ ይመዘግባል። ስለዚህ ፈሳሹን በስሪንጅ ምጠጥ፣ ፑሊውን በእጅ በሰዓት አቅጣጫ ብዙ ዙር አዙር፣ እንደገና ምጠጥ፤ ጨርቁ ደረቅ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ። የ12 ቮልት ባትሪው ተነቅሎ ቢሠራ ይሻላል፤ ሞኒተሮቹ ግን ይጠፋሉ።

ከመዘፍዘፍህ በፊት አንድ ነገር ለይ። ጠዋት ሲነሳ በኃይል የሚንቀጠቀጥና የማቀዝቀዣ ውሃው የሚጎድል ፕሪየስ ችግሩ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ሊሆን ይችላል፤ ኬሚካል አይጠቅመውም። የኢጂአር (ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው) ማቀዝቀዣውም በካርቦን መደፈኑ በዚህ ሞዴል የተለመደ ነውና አብሮ ይታይ።

ሥራው ካለቀ በኋላ ለምርመራ አትቸኩል። ታንኩ ከሩብ በላይ፣ ከሦስት አራተኛ በታች ይሁን፤ ሌሊቱን ይደር፣ ቀዝቃዛ ይነሳ፣ ሀይዌይ ላይ በሰዓት ከ55 እስከ 60 ማይል ለ10 ደቂቃ ያህል ሳትጨምር ሳትቀንስ ንዳ፣ ከዚያ ፍሬን ሳትይዝ ቀስ እያለ ይውረድ። ይህን ለጥቂት ቀን ድገም። በስልክ የሚሠራ የብሉቱዝ ስካነር ገዝተህ የካታሊቲኩ ሞኒተር «ተጠናቅቋል» ሲል ሂድ።